የሁሉንም ሟች ስም የጠሩ ጳጳስ

«የእኛስ ሮሜሮ የት አለ?»

ይህን የጠየቀው ከጥቂት ወራት በፊት በግፍ ለተገደሉ ወገኖቻችን ሻማ ለማብራት በተሰበሰብንበት አዳራሽ ንግግር ያደርግ የነበረ አንድ ወጣት ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ከሌላው ባልተናነሰ አጨበጨብኩ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ጭብጨባዬ አሳፈረኝ። ያሳፈረኝን ምክንያት ወደ ኋላ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ስማቸውን እንዲህ በቀላሉ የምንጠራቸው ሰው ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደሠሩና የትኛውን ግማሽ ሕይወታቸውን ዘለን እንደምናወድሳቸው ብንነጋገር ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን አቆጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ብዙዎቻችን የኤል ሳልቫዶሩን ሊቀ ጳጳስ ኦስካር አርኑልፎ ሮሜሮን የምናውቃቸው በመጽሐፍ ሳይሆን በፊልም ነው። «ሮሜሮ» የተሰኘው ፊልም በ1989 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጆን ዱይጋን ሲሆን፣ ሊቀ ጳጳሱን ሆኖ የተጫወተው ራውል ሁሊያ ነው። ፊልሙ እንዲሠራ የደከሙት ኤልዉድ ካይዘር የሚባሉ ካቶሊካዊ ቄስ ናቸው። ፊልሙን ላናንቀው ይገባል። ዓይን አፋርና መጽሐፍ ወዳድ የሆነ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሚከብደው ካህን ቀስ በቀስ ወገቡን ሲያጠብቅ ሁሊያ በግሩም ሁኔታ አሳይቶናል። ወታደሮች ከያዟት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ ቁርባኑን ሊያወጡ ገብተው በተኩስ ከተባረሩ በኋላ፣ ልብሰ ተክህኖአቸውን ለብሰውና ሕዝቡን አስከትለው የሚመለሱበትን ቦታ አይቶ ልቡ ያልተነካ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ሆኖም ፊልሙ ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት። ሁለቱም የእኛም ጉድለቶች በመሆናቸው ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ጉድለት ጀግንነትን የጥቂት ቀናት ተአምር ማስመሰሉ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በ1977 ነው። አንድ ፈሪ ጳጳስ ይሾማል፣ ወዳጁ ይገደላል፣ ፈሪው ደፋር ይሆናል። ሮሜሮ ግን በ1977 የ59 ዓመት ሰው ነበሩ። የ59 ዓመት ሰው ደግሞ በአንድ አስከሬን ፊት እንደ አዲስ አይፈጠርም።

ሮሜሮ የተወለዱት ኦገስት 15 ቀን 1917 ሲውዳድ ባሪዮስ በምትባል ተራራማ ከተማ ነው። አባታቸው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ወደ ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አናጢነት ይማር ነበር። በሮም ተምረው እዚያው በ1942 ቅስና ተቀበሉ፤ ከዚያም ሳን ሚጌል በምትባለው ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በቁምስና አገለገሉ። በ1970 የሳን ሳልቫዶር ረዳት ጳጳስ፣ በ1974 የሳንቲያጎ ዴ ማሪያ ጳጳስ ሆኑ። በዚያን ጊዜ የላቲን አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን «ድሆችን እናስቀድም» በሚሉና «ፖለቲካ ውስጥ አንግባ» በሚሉ ወገኖች መካከል ተከፍላ ነበር። ሮሜሮ የቆሙት ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። እንዲያውም የሀገረ ስብከቱ ጋዜጣ አዘጋጅ በነበሩበት በ1973 ኢየሱሳውያን የሚያስተምሩበትን አንድ ታዋቂ ትምህርት ቤት ማርክሲዝም ይሰብካል ብለው በጽሑፍ ከሰሱ። ነገሩ ሲጣራ ክሱ ውድቅ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1977 የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ደስ ያላቸው ባለ ሥልጣናቱና የቡና ባለርስቶቹ ነበሩ፤ ከገበሬው ጋር ይሠሩ የነበሩት ካህናት ደግሞ አዘኑ።

ይህችን አገር በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካስፈለገ፣ ቡናውና መሬቱ «አሥራ አራቱ ቤተሰቦች» እየተባሉ በሚጠሩ ጥቂት ሰዎች እጅ የነበረ፣ ሥልጣኑ ደግሞ በጦር መኮንኖች እጅ የነበረ አገር ነው። በ1932 ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ጦሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ 10,000፣ በሌሎች ግምት እስከ 30,000 ሰው ፈጅቷል። «መሬት ላራሹ» ብሎ ለጮኸ ትውልድ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ፊልሙ የዘለለውና በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ በሳንቲያጎ ዴ ማሪያ ያሳለፉት ነው። ሀገረ ስብከታቸው የቡና ምድር ነበር። በለቀማ ወቅት የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ሌሊቱን በብርድ አደባባይ ላይ ሲያድሩ አይተው የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃዎች ከፈቱላቸው። ሠራተኞቹ በሕግ የተወሰነላቸው ደመወዝ እንኳ እንደማይከፈላቸው የሰሙት ከዚያው ነው። በጁን 1975 ደግሞ ትሬስ ካዬስ በምትባል መንደር ብሔራዊ ጥበቃ የሚባለው ኃይል በሌሊት ገብቶ ገበሬዎችን ገደለ። ሮሜሮ ሄደው ቤተሰቦቹን አጽናኑ። በአደባባይ ግን አልተናገሩም። የሚያውቋቸው ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ለፕሬዚዳንቱ በግል ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ምንም ፍሬ አላፈራም።

እንግዲህ ሮሜሮ ዝም ማለትን ያውቁታል። በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ፣ በጓዳ የሚደረግ ሽምግልና፣ «ጊዜው አይደለም» የሚባል ምክር ምን ውጤት እንዳለው በራሳቸው ላይ ሞክረው አይተዋል። ማርች 12 ቀን 1977 ወዳጃቸው አባ ሩቲሊዮ ግራንዴ ለቅዳሴ ሲሄዱ መንገድ ላይ በጥይት ሲገደሉ፣ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር ነው የፈነዳው። ከስምንት ቀን በኋላ በሀገረ ስብከቱ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ተዘግተው በካቴድራሉ ፊት አንድ ቅዳሴ ብቻ እንዲቀደስ አዘዙ። የቫቲካን አምባሳደር ተቃወሟቸው፤ እሳቸው ግን ገፉበት። ግድያው እስኪጣራ ድረስ በመንግሥት በዓል ላይ አልገኝም ብለው ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት ጁላይ አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ካርሎስ ኡምቤርቶ ሮሜሮ (የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም) ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የሊቀ ጳጳሱ ወንበር ባዶ ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ጀግና በድንገት ከሰማይ ይወርዳል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይቀመጣል። «የእኛስ ሮሜሮ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው «እኔ አይደለሁም» እያለ ነው። በ1975 ዝም ያለው ጳጳስና በ1977 የተናገረው ጳጳስ አንድ ሰው መሆኑን ስናውቅ ግን፣ ዛሬ ዝም ባሉት የእምነት አባቶቻችን ላይ ፍርድ ለመስጠትም፣ በራሳችን ላይ ተስፋ ለመቁረጥም መቸኮል እንደሌለብን እንረዳለን።

ወደ ሁለተኛው ጉድለት ልለፍ። ፊልም ተኩስን፣ ደምን፣ ለቅሶን ማሳየት ይችላል። የቢሮ ሥራን ማሳየት ግን ይከብደዋል። ሮሜሮን ሮሜሮ ያደረጋቸው በአብዛኛው የቢሮ ሥራ ነው።

በሀገረ ስብከቱ ሥር ሶኮሮ ሁሪዲኮ የሚባል ለድሆች የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ቢሮ ነበር። ወጣት ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች ይሠሩበታል። ልጇ የተወሰደባት እናት፣ ባሏ መንገድ ዳር ተጥሎ የተገኘባት ሚስት ወደዚያ ትመጣለች። ስም ይመዘገባል፤ ቀን፣ ቦታ፣ ማን እንደወሰደው፣ ማን እንዳየ ይጠየቃል፤ ይጣራል። እሑድ ሮሜሮ በካቴድራሉ ሲሰብኩ መጀመሪያ የዕለቱን ወንጌል ያስተምራሉ፤ ከዚያ «የሳምንቱ ክንውኖች» ወደሚሉት ክፍል ይገባሉ። የተገደለው ስም፣ የተሰወረው ስም፣ ቀኑና መንደሩ ይነበባል። ስብከቱ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። «ዋይ ኤስ ኤ ኤክስ» የሚባለው የቤተ ክርስቲያኗ ራዲዮ ስብከቱን በቀጥታ ስለሚያስተላልፈው ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም ይሰማዋል። ጋዜጦቹ የማይጽፉትን የሚሰማው ከዚያ ብቻ ነውና። ለዚህም ነው ጣቢያው በ1980 መጀመሪያ ላይ በፈንጂ የተመታው። ሮሜሮ የየዕለት ውሏቸውንም ከ1978 ጀምሮ በቴፕ ክር ላይ እየቀዱ ያስቀምጡ ነበር። መረጃ አያያዛቸው ከስብከታቸው የማይተናነስ የእምነት ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

የእኛን ስብሰባዎች ከዚህ ጋር አስተያዩት። እኛ ዘንድ «በሺህ የሚቆጠሩ ንጹሐን» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝርን ተክቶ ይሠራል። ቁጥሩ እንደ ተናጋሪው ስሜት ይወጣል ይወርዳል። የሮሜሮ ቢሮ ሳያጣራ ስም ቢያወጣ ኖሮ፣ አንዲት ስሕተት ብቻ የእሑዱን ስብከት ሁሉ ለማጣጣል ለመንግሥቱ ትበቃው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደውና እኔን ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ሮሜሮ የሚያነቡት ዝርዝር የአንድ ወገን ዝርዝር አልነበረም።

በአፕሪል 1977 የግራ ታጣቂዎች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ማውሪሲዮ ቦርጎኖቮን ጠለፉ። ሮሜሮ እንዲለቁት ለመኗቸው። ሚኒስትሩ በግንቦት ተገድሎ ሲገኝ ሊቀ ጳጳሱ ቀብሩን መርተው ግድያውን አወገዙ። በዚያው ሰሞን የቀኝ ነፍሰ ገዳዮች በበቀል አልፎንሶ ናቫሮ የሚባሉ ቄስ ገደሉ፤ እሳቸውንም ቀበሩ። በኦገስት 1978 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ገበሬዎች የመደራጀት መብት እንዳላቸው በግልጽ ተከራከሩ፤ ይሁን እንጂ ድርጅትን ማምለክን፣ የድርጅትን ዓላማ ከሰው ነፍስ በላይ ማድረግን ነቀፉ። በኦክቶበር 1979 ወጣት መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ለውጥ እናመጣለን ሲሉ ዕድል እንስጣቸው በማለታቸው ደግሞ ግራዎቹ «ከዱን» ብለው ጮኹባቸው። ግድያው እንዳልቆመ ሲያዩ አዲሱን መንግሥትም አወገዙ።

ውጤቱስ? ባለ ሀብቶቹ ኮሚኒስት አሏቸው። ከታጣቂዎቹ አንዳንዶቹ ወላዋይ አሏቸው። ከአገሪቱ ጳጳሳት አብዛኞቹ ወደ ሮም የክስ ደብዳቤ ጻፉባቸው፤ በጽናት አብረዋቸው የቆሙት አርቱሮ ሪቬራ ዳማስ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የእኛን አዳራሽ ጭብጨባ አስታውሳለሁ። እውነተኛው ሮሜሮ አዳራሻችን ቢገቡ ኖሮ ስንቶቻችን እናጨበጭብላቸው ነበር?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሲዘጋጅ ስም የማሰባሰቡ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ስልክ ደወሉልኝ። ወንድማቸው በ1977 አዲስ አበባ ውስጥ በቀበሌ ጸሐፊነት ይሠራ ነበር፤ አንድ ማታ ቤቱ በር ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የገደለው ደርግ አልነበረም። የድርጅት ጥይት ነው። «የእሱንም ስም ጻፍልኝ» አሉኝ። እኔም በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ «እሜቴ፣ ይህ መታሰቢያ የቀይ ሽብር ሰለባዎች ነው፤ የወንድምዎ ጉዳይ ሌላ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እሱስ የእናቱ ልጅ አይደለም?» አሉና ስልኩን ዘጉት። ስሙን አልጻፍኩም። ያን ምሽት በመድረኩ ላይ ስለ ሰብዓዊ መብት ንግግር አድርጌያለሁ። ንግግሬም ተጨብጭቦለት ነበር።

«የሁሉንም ሟች መቁጠር ገዳይና ተገዳይን አንድ ማድረግ ነው» የሚል ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ለብዙ ዓመታት እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ኤል ሳልቫዶር ግን ለዚህ መልስ አላት። እስከ 1992 የቆየውና ወደ 75,000 የሚጠጋ ሰው የፈጀው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር የተቋቋመው የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ከ22,000 በላይ አቤቱታዎችን ተቀበለ። የሁለቱንም ወገን ሰለባዎች መዘገበ፤ የሽምቅ ተዋጊዎቹ የገደሏቸውን ከንቲባዎች ሳይቀር ጻፈ። በማርች 1993 ሪፖርቱ ሲወጣ ከምስክርነቶቹ ወደ 85 ከመቶ የሚሆኑት በመንግሥት ኃይሎችና በአጋሮቻቸው፣ ወደ 5 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ በተዋጊዎቹ ላይ የተሰጡ ሆነው ተገኙ። ሁሉንም መቁጠር ሁሉንም እኩል አላደረገም። እንዲያውም የዋናውን ገዳይ ማንነት ማንም ሊክደው በማይችል መልኩ ያሳየው ሁሉም በመቆጠሩ ነው። ዘሎ የሚቆጥር ሰው ግን እውነተኛ ሒሳቡን እንኳ የሚያምንለት አያገኝም።

መጨረሻቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና አላስረዝመውም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1980 ለፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ደብዳቤ ጽፈው አሜሪካ ለኤል ሳልቫዶር ጦር እርዳታ እንዳትሰጥ ለመኑ። ሰሚ አላገኙም፤ እርዳታው በጦርነቱ ዓመታት ወደ ቢሊዮን ዶላሮች አድጓል። ማርች 23 ቀን በእሑድ ስብከታቸው በቀጥታ ወታደሮቹን ተናገሩ። የምትገድሏቸው ገበሬዎች ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ አትግደል የሚለው የእግዚአብሔር ሕግ ከአለቃ ትእዛዝ በላይ ነው አሏቸው። በእግዚአብሔር ስም ግፉ እንዲቆምም አዘዙ። ልብ በሉ፤ ወታደሩን «ወንድም» ብለው ነው የጠሩት። በማግስቱ ምሽት በአንድ የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ጸሎት ቤት ቅዳሴ ላይ ሳሉ በአንዲት ጥይት ተገደሉ። በቀብራቸው ቀን በካቴድራሉ አደባባይ በተነሳው ፍንዳታና ተኩስ በርካታ ለቀስተኞች ሞቱ። የግድያውን ትእዛዝ የሰጠው ሻለቃ ሮቤርቶ ዳውቡይሶን መሆኑን ኮሚሽኑ በ1993 አረጋገጠ፤ ሰውየው ግን በ1992 በሕመም ሞቶ ነበር። ሪፖርቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን የአገሪቱ ምክር ቤት አጠቃላይ የምሕረት አዋጅ አወጣ። አዋጁን ፍርድ ቤት የሻረው በ2016 ነው።

በዚህ መካከል ለእኛ ለስደተኞች ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ተፈጽሟል። በ2004 ካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ይኖር የነበረውን የቀድሞ ሻምበል አልቫሮ ሳራቪያን በግድያው ተጠያቂ አድርጎ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ይህ ፍርድ የቆመበትን ዓይነት መንገድ ቀደም ብለው ከጠረጉት መካከል ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይገኛሉ። በደርግ ዘመን ያሰቃያቸውን ቀልቤሳ ነገዎን አትላንታ ከተማ በሆቴል ሥራ ላይ አግኝተው ከሰሱት፤ በ1993 አሸነፉ። በ2006 ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እነዚህ ሴቶች ሮሜሮን ከሰማይ አልጠበቁም። ስም፣ ቀንና ቦታ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ከትችት አታመልጥም። ሮሜሮ ሕዝቡ ቅዱስ ካላቸው ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው ሮም ያመነችው። የተገደሉት ለእምነት ነው ወይስ ለፖለቲካ የሚለው ክርክር ፋይላቸውን አሳደረው። በ2015 ብፅዕናቸው፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018 ቅድስናቸው በፖፕ ፍራንሲስ ዘመን ታወጀ። ሮሜሮ ከሞቱ በኋላም በገዛ ወንድሞቻቸው በካህናትና በጳጳሳት ስማቸው ሲጠፋ እንደነበር የተናገሩትም እኚሁ ፖፕ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በበኩሉ በ2010 ማርች 24ን የእውነት የማወቅ መብት ቀን አድርጎ ሰይሞታል። የሳን ሳልቫዶር አውሮፕላን ማረፊያም በስማቸው ይጠራል። በዚያችው አገር በማርች 2022 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ በየወሩ እየታደሰ ለዓመታት ሲቆይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቂ ፍርድ ሳያገኙ መታሰራቸውን ስናይ ግን፣ ስምን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል መሆኑን እንረዳለን። የእነዚያን እስረኞች ስም እሑድ እሑድ ማን ያነብላቸው ይሆን?

እኛስ? ሮሜሮ ሊቀ ጳጳስ በነበሩባቸው ሦስት ዓመታት አዲስ አበባም ደም ታለቅስ ነበር። በ1979 ደርግ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የሁለቱ ስም በአንድ መድረክ፣ በአንድ ሻማ፣ በአንድ ጸሎት ሲጠራ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። አንዱን አንደኛው ጉባኤ፣ ሌላውን ሌላው ጉባኤ ያለቅሳቸዋል። ገዳያቸው ሳይለያቸው የሞቱትን እኛ ለያየናቸው።

ስለዚህ «የእኛስ ሮሜሮ የት አለ?» የሚለውን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ ብንተካው ደስ ይለኛል። ዝርዝራችን የት አለ? በዝርዝሩ ላይ የሌለውስ የማን ልጅ ነው?

አባ ሩቲሊዮ ግራንዴ በተገደሉበት መኪና ውስጥ ማኑዌል ሶሎርሳኖ የሚባሉ የ72 ዓመት አዛውንትና ኔልሰን ሩቲሊዮ ሌሙስ የሚባል ታዳጊ አብረው ተገድለዋል። ለብዙ ዓመታት በውጭው ዓለም «አባ ሩቲሊዮና ሌሎች ሁለት ሰዎች» እየተባለ ይጻፍ ነበር። በጃንዋሪ 2022 ቤተ ክርስቲያን የቄሱን ብፅዕና ስታውጅ አዛውንቱንና ልጁንም በየስማቸው ጠርታ አብራ አወጀች። አርባ አምስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን «ሌሎች» የሚለው ቃል ተሰረዘ።

የእኚያን ሴት ስልክ ቁጥር ከጠፋብኝ ቆየ። ይህን ጽሑፍ ምናልባት እሳቸው ወይም የሚያውቋቸው ሰው ያነቡት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እሜቴ፣ የወንድምዎን ስም ይላኩልኝ። እጽፈዋለሁ።